ዘንድሮ ተመርቃችሁ ማስተማር ለምትጀምሩ፦ ከዶክመንት እስከ መጀመሪያው ሮስተር

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመርቃ ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፋ "ጋሼ ማስተማር ፈልጌ ነበር ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ" ብላ ደወለችልኝና አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ስልኩን ስዘጋው እኔ ስጀምር ይሄን ሁሉ ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው እንዳልነበረ ትዝ አለኝ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ 7 ዓመቴ ነው፣ ሁለቱን በግል አምስቱን በመንግስት ትምህርት ቤት ነው የሰራሁት። ስለዚ ለሷ ያልኳትን ሰፋ አድርጌ በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ የሚሆናችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን ጨርሱ

ዋናው ዲግሪ እስኪደርስ ቴምፖ፣ ማለት ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ይዛችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ከሱ ጋር ስቱደንት ኮፒ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የኤግዚት ውጤት፣ ፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ በርከት አድርጋችሁ ያዙ። ሁሉንም ስካን አስደርጋችሁ በአንድ ፒዲኤፍ ቴሌግራማችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ማስታወቂያ ወጥቶ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው ብዙ ጊዜ የምትሰሙት፣ ያኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰልፍ ይዛችሁ መብራት ቢጠፋ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አረጋግጡ፣ ስማችሁ። ዲግሪው ላይ፣ ፋይዳው ላይ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ፊደል በፊደል አንድ ነው ወይ? አንዱ ላይ በአንድ ኤስ ሌላው ላይ በሁለት ኤስ ከሆነ ፔሮል ውስጥ ልትገቡ ስትሉ ነው የሚነሳባችሁ፣ ያኔ ከተማ ለከተማ ከምትመላለሱ አሁን ግቢው ሳይርቃችሁ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ማስተካከል ይሻላል። ስትቀጠሩ ደግሞ የጤና ምርመራ፣ የፖሊስ አሻራና ዋስ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ከወዲሁ አነጋግሩት፣ ከመስሪያ ቤቱ ደሞዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ማጻፍ ስላለበት በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ዲግሪያችሁ አፕላይድ ከሆነ

ቢኤድ፣ ማለት የመምህርነት ዲግሪ፣ የተማራችሁ ይሄን ዝለሉት። አፕላይድ የጨረሳችሁ ግን፣ ማለት ባዮሎጂ ፊዚክስ ሂስትሪ ምናምን ብቻውን ተምራችሁ የማስተማር ኮርስ ያልወሰዳችሁ፣ 9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለማስተማር ፒጂዲቲ የሚባለው አለ፣ ከዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የመምህርነት ዲፕሎማ ነው፣ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርከት ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጡታል። የመንግስት ማስታወቂያ ስታነቡ ፒጂዲቲ ያስፈልጋል ይላል ወይስ አይልም የሚለውን በደንብ እዩ፣ ከሌላችሁ ዝም ብላችሁ ከመመለስ በምን መንገድ ሊሟላ እንደሚችል እዛው ጠይቁ። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ያለሱም ይቀጥራል።

ፒጂዲቲው ውስጥ በጣም የሚጠቅመው ፕራክቲከሙ ነው፣ ክፍል ገብታችሁ ሰው እያያችሁ የምታስተምሩበት። ገና ካልገባችሁበት እኔ የምመክራችሁ፣ የተማራችሁበት ሃይስኩል ሂዱና አሪፍ ያስተምር ነበር የምትሉትን አስተማሪ ፈልጋችሁ "ቲቸር አንድ ሳምንት ከኋላ ቁጭ ብዬ ልይ" በሉት። ደስ ነው የሚለው። ተማሪ ሆናችሁ ያላያችሁትን ታያላችሁ፣ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እንኳ ጎኑን እንጂ ጀርባውን ለተማሪ እንደማይሰጥ፣ ጥያቄ ጠይቆ ስም ከመጥራቱ በፊት ትንሽ ዝም እንደሚል፣ መጀመሪያ ስሙን ከጠራ የቀረው ተማሪ ማሰቡን እንደሚያቆም።

የትና መቼ ማመልከት

የግል ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚቀጥሩት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይና ቴሌግራም ቻናል ላይ ይወጣል፣ ግን የግቢያቸው በር ላይ በወረቀት ብቻ የሚለጥፉም ብዙ ናቸው። እኔ የመጀመሪያ ስራዬን ያገኘሁት ሲቪዬን ይዤ በእግሬ ስዞር ነው፣ በአንድ ቀን አምስት ትምህርት ቤት ገብቼ አምስተኛው ላይ "የሂሳብ አስተማሪ ትላንት ነው የለቀቀብን" አሉኝ። ነሐሴ ላይ ያልተሳካለት ሰው ተስፋ አይቁረጥ፣ መስከረም ከተጀመረ በኋላ የሚለቅ አስተማሪ አይጠፋም፣ ያኔ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ይቸኩላል።

የመንግስቱ በክልል ትምህርት ቢሮ፣ በዞን ወይም በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ነው። የምዝገባ ጊዜው አጭር ስለሚሆን ፌስቡክ ፔጃቸውን ተከታተሉ፣ ቢቻል ግን ቦርዳቸውን ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። ምደባው በዕጣ ከሆነ የደረሳችሁን ውሰዱ። "ጥሩ ቦታ አስመድብልሃለሁ ትንሽ ነገር አዘጋጅ" የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ፣ ብሩንም ቦታውንም ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ዴሞ

የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ከኢንተርቪው ይልቅ የሚያስቀጥራችሁ ዴሞው ነው፣ ማለት ፊታቸው ቆማችሁ አስተምራችሁ የምታሳዩት። 15 ወይ 20 ደቂቃ ይሰጧችኋል፣ ከፊታችሁ ዳይሬክተሩና ሁለት ሶስት አስተማሪ ይቀመጣሉ፣ አንዳንዴ እውነተኛ ተማሪ ፊት ያቆሟችኋል። ብዙ ተመራቂ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ የሚያውቀውን ሁሉ በ20 ደቂቃ ሊያራግፍ ይሞክራል። አንድ ነገር ብቻ ምረጡና እሱን እስከመጨረሻው አስረዱ።

ለምሳሌ እኔ 7ኛ ክፍል ነጌቲቭ ቁጥር መደመር ነበር የሰጡኝ። ቤት ስዘጋጅ ሕጉን በቃሌ ይዤ ነበር፣ ምልክታቸው ከተለያየ ቀንስና የትልቁን ምልክት ስጥ የሚለውን። ጠዋት ልገባ ስል ግን ተውኩትና አንዱን ልጅ አስነስቼ "ለባለሱቁ 30 ብር ዕዳ አለብህ፣ እናትህ 50 ብር ሰጠችህ፣ ዕዳህን ከፍለህ ስንት ይቀርሃል" አልኩት። "20" አለ ወዲያው። ሰሌዳው ላይ −30 + 50 = 20 ብዬ ጻፍኩት። ቀጥዬ "ዕዳህ 50 ቢሆንና የሰጠችህ 30 ቢሆንስ" ስለው ትንሽ አሰበና "ከፍዬም ገና 20 ብር አለብኝ" አለ፣ እኔም "አለብኝ ያልከው በሂሳብ እንዲህ ነው የሚጻፈው" ብዬ −20 ን ጻፍኩት። ሕጉን ራሳቸው ተናገሩት፣ እኔ አንድም ጊዜ አላልኩትም። የተቀጠርኩት በሱ ይመስለኛል።

ከዴሞው በፊት የሰሌዳ ጽሁፋችሁን ተለማመዱ። ወረቀት ላይ ጥሩ የሚጽፍ ሰው ሰሌዳ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣበታል። ባዶ ክፍል ካገኛችሁ ጻፉና መጨረሻ ወንበር ላይ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ይታያል ወይ እዩት። ሰሌዳውን በሃሳባችሁ ለሶስት ክፈሉት፣ በግራ ርዕስና ቁልፍ ቃላት እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ የማይጠፉ፣ መሃሉ ላይ ምሳሌ፣ በቀኝ ደግሞ የሚጠፋ የሚሰረዝ ስራ። ጠመኔውን ሰበር አድርጋችሁ አጠር ያለውን ያዙ፣ አይጮህም።

ሳትፈርሙ ክፍል አትግቡ

ይሄ እኔ ላይ የደረሰ ነው። የመጀመሪያው የግል ትምህርት ቤት በቃል አንድ ደሞዝ ነገሩኝ፣ ውሉን ነገ ዛሬ እያሉ ህዳር ላይ ነው ያመጡት፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ከተነገረኝ ያነሰ ነበር፣ ክረምት ላይም እንደማይከፈል ያኔ ነው ያወቅኩት። ተማሪዎቼን መሃል ላይ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም፣ ፈረምኩ። እስካሁን የሚቆጨኝ ነገር ነው።

ስለዚ ከመጀመሪያው እነዚህን ጠይቁ፦ የተነገረኝ ደሞዝ ግሮስ ነው ወይስ በእጅ የሚገባው? ጡረታ ከሰራተኛው 7 በመቶ ከአሰሪው 11 በመቶ ነው፣ እሱ እየገባልኝ ነው? ውሉ የ10 ወር ነው የ12? በሳምንት ስንት ፔሬድ ነው፣ ከዛ በላይ ቢሆን ይከፈላል? ቱቶሪያልና ቅዳሜስ? በግል ትምህርት ቤት የሙከራ ጊዜው በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ "የሙከራ ጊዜህ አንድ ሴሚስተር ነው" ቢሏችሁ ይሄን በትህትና አንሱ። የፈረማችሁትን አንድ ቅጂ የግድ ውሰዱ።

ገጠር ከተመደባችሁ

የመጀመሪያ ደሞዝ ቶሎ አይደርስም ብላችሁ ተነሱ። ደብዳቤው ከወረዳ ትምህርት ወደ ፋይናንስ ሄዶ ፔሮል እስክትገቡ ሁለት ወርም ሊወስድ ይችላል፣ ሲመጣ የቆየው ተጠራቅሞ ይከፈላችኋል ግን እስከዛ ቤት ኪራይና ምግብ የሚሆን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከቤተሰብ ተበድራችሁም ቢሆን። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ በሶላር የሚሰራ መብራት፣ ፓወር ባንክ፣ የመማሪያ መጽሐፎቹን በስልካችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት እዛ የቆዩትን አስተማሪዎች ጠይቁ፣ ከነሱ ጋር አንድ ግቢ መከራየት ብቸኝነቱንም ወጪውንም ያቀልላችኋል።

እኔ ስደርስ ያከራዩኝ እትዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ቡና ጠርተውኝ ሰፈሩን በሙሉ አስተዋወቁኝ፣ የተማሪዎቼን ወላጆች ያወቅኩት እዛ ረከቦት ዙሪያ ነው። ቡና ሲጠሯችሁ አትቅሩ። ገበያ ቀን ተማሪ ለምን እንደሚቀር፣ አጨዳ ሲደርስ ክፍሉ ለምን ግማሽ እንደሚሆን እዛ ነው የሚገባችሁ፣ እሱን ካወቃችሁ ደግሞ ከባዱን ምዕራፍ በዛ ሳምንት አታስተምሩም።

የመጀመሪያው ሳምንት

ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ከዩኒት ሊደሩ ወይም ከዲፓርትመንት ኃላፊው የስም ዝርዝር፣ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም፣ የተማሪ መጽሐፍና የመምህሩን መምሪያ ተቀበሉ። መምሪያው ካልተገኘ ከሌላ አስተማሪ ኮፒ አድርጉ፣ የትኛው ምዕራፍ ስንት ፔሬድ እንደሚወስድ እዛ ስላለ ዓመታዊ ዕቅዳችሁ ግማሹ በሱ ያልቃል። በዓላቱን፣ የፈተና ሳምንቱን፣ ትምህርት የማይኖርባቸውን ቀኖች ቀንሱና የቀረውን አካፍሉት። ዕቅድ ለሱፐርቫይዘር ለማሳየት ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ሰኔ ላይ ሶስት ምዕራፍ ይተርፋችኋል፣ የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው።

ከዛ ስማቸውን አጥኑ። ክፍሌ ውስጥ 68 ልጅ ነበር፣ የምር አይቻልም ብዬ ነበር። የመቀመጫውን ካርታ በአንድ ወረቀት ሳልኩ፣ በየዴስኩ ሶስት ሶስት ስም፣ ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ እያየሁ ስጠራቸው በሶስተኛው ሳምንት ወረቀቱ አላስፈለገኝም። ከኋላ ሆኖ የሚያወራን ልጅ "አንተ" ስትሉትና በስሙ ስትጠሩት ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው።

ሕግ አታብዙ፣ ሶስት ይበቃል፣ ግን ያላችሁትን አድርጉ። ፈተናውን ሰኞ እመልሳለሁ ካላችሁ ሰኞ መልሱ፣ ሳታርሙ ያደራችሁ እንደሆነ ተማሪው አንድ ጊዜ ዝም ይላችኋል፣ ሁለተኛ ግን እናንተ "ነገ ሆምወርክ ይዛችሁ ኑ" ስትሉት አያምናችሁም። አስተማሪ የሚከበረው በቁጣው መጠን ይመስለኝ ነበር፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያየሁት ግን ተዘጋጅቶ የሚገባና ቃሉን የሚጠብቅ አስተማሪ ክፍል ውስጥ ድምጹን ከፍ የሚያደርግበት ቀን ጥቂት ነው።

መምታት የሚባል ነገር አይታሰብ። እኛ በአለንጋ ነው የተማርነው ይላሉ አንዳንድ የቆዩ ሰዎች፣ ነገር ግን የ1987ቱ ሕገ መንግስት አንቀጽ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን በግልጽ ጽፏል። የሚረብሽ ልጅ ካለ ከክፍል በኋላ ለብቻው አናግሩት፣ ሰው ፊት አታዋርዱት። አንዱ ተማሪዬ በየቀኑ ይተኛ ነበር፣ ሳናግረው ሌሊት የሚሰራ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው።

ለአንድ ፔሬድ እንዴት እንደምትዘጋጁ

40 ደቂቃ ረጅም ይመስላል፣ ስም ተጠርቶ ሆምወርክ ታይቶ ሰሌዳ ተጠርጎ ሲቀነስ የሚቀራችሁ 30 ነው። ዕለታዊ ዕቅዱ ላይ የሚሞላውን ሞልታችሁ ለራሳችሁ ግን በትንሽ ወረቀት ሶስት ነገር ጻፉ፣ ዛሬ ሲወጡ ምን መስራት ይቻላቸዋል፣ የትኛው ምሳሌ፣ መጨረሻ ላይ የትኛዋን ጥያቄ ሰርተው ያሳዩኛል። ምሳሌውን ሁሌ ቤት ራሳችሁ ስሩት፣ መጽሐፉ ላይ ያለ መልስ ስህተት ሆኖ ሰሌዳ ላይ የተያዝኩበት ቀን አለ። ስትያዙ "እንደገና ልየው፣ ነገ መልሱን ይዤ እመጣለሁ" በሉ፣ እና ይዛችሁ ሂዱ።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጆቹ ግን ብዙዎቹ 8ኛ ክፍልን ያለፉት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። በአማርኛ ብቻ ካስረዳችሁ ይገባቸዋል ፈተናው ላይ ግን ጥያቄውን ማንበብ ያቅታቸዋል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ ካስረዳችሁ ደግሞ ዝም ብለው ይገለብጣሉ። እኔ የማደርገው ሃሳቡን በሚገባቸው ቋንቋ አስረድቼ ቁልፍ ቃሎቹን በእንግሊዝኛ በግራ በኩል ጽፌ አቆያለሁ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ ጥያቄ ማንበብ ብቻ እናጠናለን፣ አት ሊስት፣ ኤክሴፕት፣ ሪስፔክቲቭሊ የሚሉት ምን ማለት እንደሆኑ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ የነበሩ ጊዜ ሁላችንም ደንግጠናል፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ቋንቋው ግን እኛ ክፍል ውስጥ ልንሰራበት የምንችለው ነው።

ማርክ

ተከታታይ ምዘናውና ማጠቃለያ ፈተናው ከስንት ከስንት እንደሚያዙ ትምህርት ቤታችሁን ጠይቁና ለተማሪው መጀመሪያ ቀን ንገሩት። ማርክ ሊስቱን በየጊዜው ሙሉ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ በአንድ ሌሊት አይሞላም። እኔ በመጀመሪያ ዓመቴ እንደዛ አድርጌ ሁለት አበበ የሚባሉ ልጆች ተከታትለው ስለነበሩ የአንዱን ለአንዱ አስገባሁት፣ ሆም ሩሙ (የክፍሉ ኃላፊ አስተማሪ) ወደ ሮስተር፣ የክፍሉ ውጤት በሙሉ ወደሚጠቃለልበት ቅጽ፣ ገለበጠው፣ ካርድ ወጣ። ጎበዙ ልጅ ካርዱን ይዞ ቢሮ በር ላይ ሲያለቅስ አገኘሁት። ተስተካከለ፣ ግን ያንን ልጅ ይቅርታ የጠየቅኩት ክፍሉ በሙሉ ባለበት ነው፣ እንደዛ መሆን ነበረበት።

ከዛ ወዲህ ሮስተር ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ተማሪ ጠርቼ ውጤቱን አሳይቼ አስፈርማለሁ። ለ68 ልጅ አንድ ፔሬድ ተኩል ይወስዳል። ፎቶም አንስታችሁ አስቀምጡ።

ሜንተርና ሲፒዲ

መንግስት ትምህርት ቤት የሚገባ አዲስ አስተማሪ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት የኢንዳክሽን (የጀማሪ ማለማመጃ) ሲፒዲ አለው፣ ሲፒዲ ማለት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ነው፣ ሜንተር የሚባል የሚያማክረው የቆየ አስተማሪም ይመደብለታል፣ ከዛ በኋላ ደግሞ በዓመት 60 ሰዓት ሲፒዲ ነው። ሜንተር የተባለው ሰው ወረቀት ፈርሞ ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ እናንተ ግን "በወር አንዴ ክፍሌ ገብተህ እየኝ" ብላችሁ ያዙት፣ ያስተማራችሁበትን ዕቅድ፣ ያወጣችሁትን ፈተና፣ የተሰጣችሁን አስተያየት በአንድ ፋይል አጠራቅሙ። ከጀማሪ መምህር ወደ መለስተኛ መምህር፣ ከዛ ወደ መምህርና ከፍተኛ መምህር እያለ የሚሄደው የደረጃ ዕድገት ላይ የስራ አፈጻጸም ውጤታችሁ ይታያል፣ ያኔ ፋይሉ ይፈለጋል።

ሰኔ ላይ ከመበተናችሁ በፊት የአፈጻጸማችሁን ውጤት ኮፒ ውሰዱ፣ ግል ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ደግሞ ማህተም ያለበት የስራ ልምድ ደብዳቤ፣ የምትቀጥሉበት ቢሆንም እንኳ። ቅዳሜ አትሂዱ፣ ማህተም የያዘችው ፀሐፊ አትገኝም።